ስድስት ጥርስ ወደ ፊት

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 9

ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፣ ፔጆዋም ደህና ናት። አንተ ብትጽፈው ፔጆዋን ታስቀድም እንደነበር አውቃለሁ።

በደብዳቤ የመጣሁት ስልክ ላይ ድምፄ ስለሚጠፋ ነው። ባለፈው ደውለህ ‹‹ብሎኔ፣ አለሽ ወይ?›› ስትል ነበርኩ፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር። የምነግርህ ነገር በዝቶብኝ የቱን እንደማስቀድም ሳስብ መስመሩ ተቋረጠ። ያን ቀን እማዬ ‹‹ለአባትሽ ትንፋሽሽን ብቻ ነው የላክሽለት›› ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ግን ቀለም ቀቢው ጓደኛህ፣ ጋሽ ሦስት እጅ፣ የእህቱ ልጅ ማክሰኞ ወደ አንተ አገር ስለሚመጣ ‹‹ጻፊለት፣ ወረቀት አያፍርም›› አለኝ። ጋሼ አልተለወጠም። አሁንም ‹‹ሦስት እጅ ያልተቀባ ቀለም ቀለም አይባልም›› ይላል። ሚስቱን ሲያስቀይም እንኳ ይቅርታ የሚጠይቃት ሦስት ጊዜ ነው አሉ፤ በሁለተኛው ብትስቅም አይተዋትም።

የምጽፍልህ ግራ ስለገባኝ ነው። ግራ የገባኝ ደግሞ በመኪና ነው። በመኪና ይመስለኛል።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ እማዬ ሱቅ ከገባሁ ወዲህ ደብተር የያዝኩት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ ስለ መኪና የተናገርከውን፣ የማስታውሰውን ሁሉ ጽፌበታለሁ። ከሄድክ በኋላ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። ለምሳሌ፦ ‹‹ቶዮታ መኪና አይደለም፣ አካፋ ነው። አካፋ አይሰበርም፤ ግን አካፋን ማን ፎቶ ያነሣዋል?›› ከሥሩ የጋሼንም መልስ አስገብቻለሁ፦ ‹‹አካፋ ነው እኮ የሚያበላን።›› ‹‹መርሴዲስ ስታይህ፣ ቀጠሮ አለህ ወይ የምትል ትመስላለች።›› ‹‹ላንድሮቨርን የሣለው ሰው ማስመሪያ ብቻ ነበረው፤ ክብ ነገር አይቶ አያውቅም።›› ስለ ቮልስ ሁለት ቦታ ጽፌያለሁ። አንዱ ‹‹ሕፃን መኪና ሣል ሲባል የሚሥላት እሷን ነው›› ይላል። ሌላው ‹‹ሞተሯን ከኋላ ሻንጣዋን ከፊት አድርጋ፣ ካፖርቱን ገልብጦ የለበሰ ሰው ትመስላለች›› ይላል። ያን ጊዜም ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር። ትወዳታለህ ወይስ አትወዳትም? ስጠይቅህ ‹‹ሁለቱም›› አልክ።

ስለ ፔጆዋ የጻፍኩት አራት ገጽ ነው። ‹‹የፊት መብራቷን እይ። ልታለቅስ ስትል ሰው መጥቶባት የተወች ሴት ዐይን ነው።›› ስለ ሻንጣዋ ደግሞ፣ ከኋላ ስብር ብሎ የሚወርደውን መስመር በጣትህ እየተከተልክ፦ ‹‹ይህን የሣለው ሰው ወይ እጁ ተንቀጥቅጧል ወይ ፍቅር ይዞታል።›› እማዬ ይህን ስትሰማ ከመስኮት ሆና ‹‹ስለ እኔ እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?›› አለችህ። ‹‹አንቺ መስመርሽ ያው ነው›› ብለህ እንደሸሸህ ታስታውሳለህ?

መጨረሻው ገጽ ላይ ስለ አዲሶቹ ነጫጭ መኪኖች ያልከው አለ። ስማቸውን ግቢያችን ውስጥ እንዳልጠራ ከልክለኸኛል፤ እዚህም አልጽፈውም። ‹‹ፍሪጅ ናቸው። ፋብሪካው ለፍሪጅ ጎማ ገጥሞለት መኪና ነው አለ። ፊት የላቸውም። ስታያቸው አያዩህም።›› አንድ ደንበኛህ ‹‹ግን እኮ ይመቻሉ›› ቢልህ ‹‹ምቾት የሶፋ ነው፣ ሂድና ሶፋ ንዳ›› ብለኸው ሰውዬው ተቀይሞ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ።

ሌላም ያስተማርከኝ ነገር አለ፣ ስለ ወንበር። ጋራዥህ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጬ ብሎን በየቁጥሩ ስለይ፣ አንድ ሆዱ መሪ የሚነካ ነጋዴ ፓራፋንጎዋ፣ የጎማ መከለያዋ፣ የተጨማደደ መኪና ይዞ መጣ። ‹‹ሚስቴ ናት ከግንብ ጋር ያላተመቻት፣ ሴት እኮ መሪ ስትይዝ…›› ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ አንተ የሹፌሩን በር ከፍተህ አየህ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል።

‹‹እመቤቲቱ ቁመታቸው ስንት ነው?›› አልከው።

‹‹ምን አገባህ?››

‹‹ከዚህ ላይ ሆነው ፍሬን ለመርገጥ መጀመሪያ ከወንበሩ መውረድ አለባቸው ብዬ ነው።››

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ቀጥሎ ሳቀ። ቀጥሎ ‹‹አደራህን፣ ለእሷ እንዳትነግራት›› አለ። ከሄደ በኋላ ለእኔ እንዲህ አልከኝ፦ ‹‹ብሎኔ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የገዛውን ሰው ይነግርሻል። የሚነዳትን ማወቅ ከፈለግሽ ግን ወንበሯን እይ። ወንበር አይዋሽም።›› እኔ ብሎን እየለየሁ በልቤ ደገምኩት።

ስትሄድ የፔጆዋን ቁልፍ ለእማዬ ሳይሆን ለእኔ የሰጠኸኝ ቀን ‹‹ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ አስነሺያት። ወንበሯን ግን እንዳትነኪ። ስመለስ ልክ እንደተነሣሁ ላግኛት›› አልክ። ይኸው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አንድ ቅዳሜ አላለፈኝም። ቁመቴ ስለማይደርስ ትራስ ከጀርባዬ አድርጌ፣ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ፍሪሲዮኑን በእግሬ ጣት ነው የምረግጠው። አንድ ጊዜ አልነሣም ብላኝ ጋሼ ባትሪዋን ሊሞላ ሲወስድ ‹‹ልጄ፣ ወንበሩን ብትስቢው እኮ አባትሽን አትገፊውም›› አለኝ። እኔ ግን የምገፋህ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ግራ ወደ ገባኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ሳምንት በፊት በእማዬ ስልክ ፎቶ ላክህ። ከነጭ መኪና አጠገብ ቆመህ፣ በሩን ከፍተህ በእጅህ ይዘህ ትስቃለህ። ከሥሩ ‹‹አዲሷ መኪናዬ ናት። በጣም ትመቻለች›› ብለህ ጽፈሃል።

ፍሪጅ ናት፣ አባዬ። አንተ ፍሪጅ ከምትላቸው ውስጥም ዋናዋ ናት።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ‹‹ከስቷል እንጂ ደህና ነው›› ብላ ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችውና የትምህርት ቤት ቀሚስ መስፋት ጀመረች። አንዱን ጎን ከላይ እስከ ታች ሰፍታ ስታነሣው ሁለቱ ጨርቆች ተለያይተው ወደቁ። መርፌው ላይ ክር አልነበረም። እማዬ ክር ረስታ አታውቅም። እኔም ክሩን አስገባሁላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ጠርዝ ስጠልፍ ነጫጮቹን መኪኖች አያለሁ። በፊት ሲያልፉ ዐይኔን አዞር ነበር፣ አንተን ለማገዝ። አሁን ማየት ጀመርኩ። ጣሪያቸው ከፍ ይላል፣ አሮጊቶች ሳይጎነበሱ ይገባሉ። በራቸው ሰፊ ነው። ከትናንት በስቲያ አንዲት ሴት አንዱን ሕፃን አቅፋ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ በሩን በክርኗ ስትገፋው ያለ ድምፅ ተዘጋላት። የፔጆዋን በር ሁለት ጊዜ ካላጋጩት አይዘጋም። እና አሰብኩ፦ መኪና የግድ ፊት ሊኖራት ያስፈልጋል? ፊቷን የሚያየው እኮ ውጭ የቆመ ሰው ነው። ውስጥ ያለ ሰው ፊቷን አያይም። ይህን ሳስብ የከዳሁህ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን አንተ ራስህ ከፍሪጁ ጋር ፎቶ መነሣትህ ትዝ አለኝና፣ ማንን እንደከዳሁ ጠፋኝ።

ጋሼን ጠየቅሁት። ‹‹ጋሼ፣ ሰው ስለ መኪና ያለው ሐሳብ ይለወጣል?››

‹‹የአባትሽን ነው የምትዪው?››

‹‹የሰው።››

‹‹የሰው ይለወጣል›› አለ ብሩሹን እያጠበ። ‹‹የአባትሽን ግን እንጃ። ያ ሰውዬ እኮ ቶዮታዬን ‹አካፋ› ብሎ ወደ ልጄ ሠርግ በእግሩ የሄደ ነው።›› ተጨማሪ የሚለኝ ነገር ያለ መሰለኝ። ግን ብሩሹ ከነጻ በኋላም ማጠቡን አልተወም።

በሳምንቱ እማዬ ፔጆዋን እንሽጣት አለች። ለገንዘብ ብላ አይደለም አባዬ፣ ስፌቱ ደህና ነው። ‹‹የቆመ ነገር ግቢ ያስረጃል›› ነው ያለችው። ቁልፉ እኔ ዘንድ መሆኑን ስለምታውቅ ‹‹አስቢበት›› አለችኝ እንጂ አልጠየቀችኝም። እኔ ‹‹አባዬ ሲመጣስ?›› አልኩ። እሷም መቀሷን ፈለገች። መቀሱ አንገቷ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ትናንት ቅዳሜ ገዢ መጣ። መንጃ ፈቃድ የሚያስተምር ሰውዬ ነው፣ ከእኔም ትንሽ ያጥራል። ጋሼም ለምስክርነት መጥቶ ነበር። ሰውዬው ኮፈኗን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ‹‹ላሜራዋ ንጹሕ ነው። ማን ነው የያዛት?›› አለ። እማዬ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

‹‹ይህቺ? ድምፅ አላት እንዴ? ከገባሁ ጀምሮ እኮ የግቢው ዛፍ መስላኝ ነበር።››

ሰውዬው ገብቶ ተቀመጠ። እግሩ ተንጠለጠለ። ሳቀና እጁን ወንበሩ ሥር አስገባ።

‹‹አይነካም›› አልኩ።

የራሴን ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩ። እማዬም ዞረች።

‹‹ምኑ ነው የማይነካው?››

‹‹ወንበሩ።››

‹‹እህቴ፣ ፍሪሲዮኑ ጋ መድረስ አለብኝ እኮ። ወይስ ደብዳቤ ልላክለት?››

‹‹የአባቴ ልክ ነው።››

‹‹አባትሽ የት ናቸው?››

‹‹ውጭ አገር ነው›› አለ ጋሼ በእኔ ፈንታ።

‹‹መቼ ይመጣሉ?››

ጋሼ ‹‹ቀለሟን አየኸው? ሦስት እጅ ነው። እኔው ነኝ የቀባኋት›› ብሎ ወሬ ጀመረ። ሰውዬው አንድ በአንድ አየን፣ ቀስ ብሎም ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም። ‹‹ሰኞ እመለሳለሁ። እስከዚያ ወንበሩን አሳምኑልኝ›› ብሎ ሄደ።

ሲሄድ እማዬ አጠገቤ መጣች።

‹‹ቁልፉን ለሰኞ ትሰጪኛለሽ?››

‹‹አባዬ ወንበሯን እንዳትነኪ ብሎኛል።››

‹‹አውቃለሁ። ሲልሽ ሰምቻለሁ።››

‹‹ታዲያ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?››

እማዬ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀች ክር አነሣችና በጣቷ ጠቀለለቻት። ‹‹እንጃ ልጄ›› አለች። ‹‹እኔም ግራ ገብቶኛል።›› ትልቅ ሰው ግራ ሲገባው ይናገራል ብዬ አላስብም ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጫነችኝም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ልብስ ስታጥብ ስልኳን ይዤ ፔጆዋ ውስጥ ገባሁ። ፎቶህን ከፈትኩና በሁለት ጣቴ እየዘረጋሁ አየሁት። ይህን ሦስት ሳምንት የማየው ያንተን ፊትና የመኪናዋን ፊት ብቻ ነበር። አንተ ‹‹ወንበሯን እይ›› ያልከውን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ወይ አልረሳሁትም፣ ማየት አልፈለግሁም።

በሩን ከፍተህ ስለያዝከው ውስጡ በደንብ ይታያል። ወንበሩ መሪው ሥር ገብቷል፣ አባዬ። እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። ያንተ ጉልበት እዚያ አይገባም። ለእኔም እንኳ የጠበበ ነው፤ ምናልባት የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ይመቸው ነበር። የውስጡም መስታወት ወደ ታች ዝቅ ብሏል። የኋላውን በር መስታወት ሳሰፋው ደግሞ፣ ከውስጥ በኩል፣ ዝቅ ብሎ፣ የትንሽ እጅ አሻራ አለ። አምስት ጣት። የእኔ እጅ ያን ያህል የነበረው መቼ እንደሆነ እንጃ።

ምናልባት እዚያ የምትሠራበት ጋራዥ ለጥገና የመጣች መኪና ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ግን ‹‹መኪናዬ›› ብለሃል። ምናልባት መኪናዋን ያዋስከው አጭር ጓደኛ አለህ። ምናልባት ስትገዛት እንደዚያ ነበረች፣ አንተም አላስተካከልከውም። ግን አንተ የሰው መኪና እንኳ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ወንበር ማስተካከል ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ትራሱ ከጀርባዬ ወደቀ። ሳነሣው አሰብኩ፦ ለሦስት ዓመት ከአራት ወር ትራሱን ከጀርባዬ ያደረግሁት ማን እንዲቀመጥ ብዬ ነው?

እጄን ወንበሩ ሥር አስገባሁ። ብረቱ ዝጎ አልላወስ አለኝ። የእማዬን የስፌት መኪና ዘይት አመጣሁና ሐዲዱን ቀባሁት፣ ጠበቅሁ፣ እንደገና ቀባሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስቀባው ጋሼ ትዝ አለኝና ሳቅሁ። ከዚያ ሳብኩት። ጮኸ። ‹‹ቀጭ›› አለ፣ አንድ ጥርስ። እየቆጠርኩ ስድስት ጥርስ ወደ ፊት ሄደ። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ሙሉውን አረፈ። ፍሬኑም ላይ እንደዚያው። ከፊት መስታወቱ በታች ኮፈኗን እስከ ጫፉ አየሁት። ለካ ከዚህ ስትታይ ረጅም ናት። ያን ሁሉ ቅዳሜ የማየው ሰማይና የአጥሩን ጫፍ ብቻ ነበር።

አስነሣኋት። እማዬ እጇ አረፋ እንደሆነ ወጣች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ቀጥሎ ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ። ምን እንዳየሁ አልጠየቀችኝም። ምን እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሌላው በር ገባችና ሁለት ጊዜ አጋጭታ ዘጋችው።

‹‹ማርሽ ማስገባት ታውቂያለሽ?›› አለች።

‹‹አባዬ ሲያስገባ አይቻለሁ።››

‹‹እንግዲህ አጥሩን አደራ።››

አንደኛ አስገባሁ። ፔጆዋ እንደ ታመመ ሰው ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። እንደገና አስነሣኋት፣ እንደገና ጠፋች። በሦስተኛው ሄደች። እስከ ግቢው በር ዐሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ጎማዎቿ የቆሙበት ቦታ ላይ አራት ነጭ ክብ ቀረ። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች በጎን ማየት አልቻልኩም፣ መንገዱን መያዝ ነበረብኝ።

በሩ ጋ ስንቆም ‹‹ለሰውዬው ደውዬ መኪናዋ አትሸጥም እለዋለሁ›› አለች። ቀጥላም ‹‹ባይገዛም ይምጣና አንቺን ያስተምርሽ። ድምፅ እንዳለሽ እንደሆነ ሰምቷል›› አለች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ አምስት ወር ስለቀረኝ እስከዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። አትሥጋ።

አሁን የምጠይቅህ ይህን ነው። ፍሪጆቹን በተመለከተ ደብተሬ ላይ ያለውን ልሰርዘው ወይስ ልተወው? ያን ጊዜ ያልከው እውነት ነበር? አሁን ‹‹ትመቻለች›› ያልከውስ? ሁለቱም ትለኝ እንደሆነ ብዬ ከሥሩ ሁለት መስመር ባዶ ትቻለሁ። ስለ ፔጆዋ የጻፍኩትን አራት ገጽ ግን ምንም ብትለኝ አልሰርዘውም። እሱ አሁን የእኔም ሐሳብ ነው። ሌላም ጥያቄ ነበረኝ። ጻፍኩትና ወረቀቱን ቀደድኩት። ለዚህ ነው ከገጾቹ አንዱ ግማሽ የሆነው።

ትእዛዝህን ስላፈረስኩ ይቅርታ። የጥርሱን ቁጥር የነገርኩህ፣ የመጣህ ቀን ስድስት ወደ ኋላ ቆጥረህ የራስህን ቦታ እንድታገኝ ነው። ሐዲዱ ዘይት ጠጥቷል፣ አያስቸግርህም። ስትወርድ ግን ወደ እኔ መልሰህ ሳበው።

እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችኝም፤ ግን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን እያየች ጠረጴዛውን ለቀቀችልኝ። ጋሼ ‹‹አካፋዬ ደህና ናት በይው›› ብሏል። ነጯን መኪና ለሚነዳት ሰውም ሰላምታዬን አድርስልኝ። በፊት መስታወት ላይ አሻራ ስናይ በጋዜጣ እንድጠርገው ታዝዘኝ ነበር። የኋላ በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ እጅ ግን አትጥረጋት።

መንገድህ ጉድጓድ አይብዛበት። ፍሬንህ ይያዝልህ። ዐይንህ ከጭስ፣ እጅህ ከስለት ይጠበቅ። በምትነዳትም በማትነዳትም መኪና በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ።

ያንተው
ብሎን